ከጫጉላው ሌሊት በኋላ የሚሰማ ሕመም፦ መጀመሪያ ቦታውን ለዪ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው። ከተጋባን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው፤ ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነበር። በጣም አመመኝ፣ ጥቂት ደምም አየሁ። ደሙ በማግስቱ ቆሟል፤ ሽንቴን ስሸና ግን እስከ አሁን ያቃጥለኛል፣ ስቀመጥና ስራመድም ይሰማኛል። እናቴ ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ተዘፍዘፊ ትላለች፤ ጓደኛዬ ወይባ ሙቂ ብላኛለች፤ ባለቤቴ ደግሞ «ሲለመድ ይተዋል» እያለ እንደገና እንሞክር ይላል። እሁድ መልስ አለብን። ምን ላድርግ? ሐኪም ቤትስ መሄድ አለብኝ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። የጻፍሽው አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጉዳት አይደለም፤ ደሙ በማግስቱ መቆሙም ደግ ምልክት ነው። አራት ቀን ሙሉ ሽንት ማቃጠሉ ግን ምክንያቱ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የባለቤትሽ ምክር ለአሁኑ አይሠራም። የቆሰለ ቦታ ሳይድን በተነካ ቁጥር ቁስሉ ይታደሳል፤ ሰውነትሽም ሕመሙን አስቀድሞ እየጠበቀ ጡንቻውን መቆለፍ ይማራል። ስለዚህ አሁን ሙከራ የለም። መቼና እንዴት እንደምትመለሱበት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«ያመኛል» የሚለው ቃል ብቻውን ለሕክምና አይበቃም። የት ነው የሚያምሽ? እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ ብርሃን ባለበት ቁጭ ብለሽ በትንሽ መስታወት እዪ። ይህ ነውር አይደለም፤ የራስሽ አካል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከብልት መግቢያ በታች፣ ወደ ፊንጢጣ በሚያመለክተው ጠርዝ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ስንጥቅ ነው። ቆዳው እዚያ ላይ ስስ ነው፤ መግቢያው ሲወጠር ጫናው የሚያርፈውም እዚያው ነው። የድንግልናው ስስ ሽፋን የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከመግቢያው ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ዙሪያውን ነው። የብልት ከንፈሮች አብጠው ከቀሉና ሲነኩ ከለበለቡ ምክንያቱ መፋተግ ነው፤ እርጥበት ሳይኖር የተደረገ ግንኙነት ቆዳውን ይልጠዋል። የሚታይ ነገር ሳይኖር ጭንሽ ውስጥና መቀመጫሽ አካባቢ የድካም ዓይነት ሕመም ካለ ጡንቻ ነው፤ ከፍርሃት የተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ተኮማትሮ ያደረ ጡንቻ በነጋታው እንደ ማንኛውም ጡንቻ ያማል። ከእምብርት በታች ያለ ሕመም ግን ከቆዳው ጋር አይገናኝም፤ ወይ የሽንት ፊኛ ነው፣ ወይ ከዚያ የጠለቀ ነገር፤ ያንን ለይተን እናያለን።

አሁን ወደ ሽንቱ። ሽንት የሚያቃጥለው በሁለት ፍጹም የተለያዩ ምክንያቶች ነው፤ ሕክምናቸውም አይገናኝም። አንደኛው ሽንቱ በመውጣት ላይ ሳለ የተሰነጠቀውን ቆዳ ሲነካ የሚለበልበው ነው። ሁለተኛው የሽንት ቧንቧው ወይም ፊኛው ራሱ ሲመረዝ የሚመጣው ነው። መለያ መንገዱ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ በጆግ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘሽ ወደ ሽንት ቤት ግቢ፤ እየሸናሽ ውሃውን ከላይ ወደ ታች በብልትሽ ላይ አፍስሺው። ማቃጠሉ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ችግሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው፤ ውሃው ሽንቱን አቅጥኖታል ማለት ነው። ውሃ እያፈሰስሽም ከውስጥ ካቃጠለሽ፣ ሸንተሽ ሳትጨርሺ እንደገና ከመጣብሽ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታ ጠብታ ከሆነ፣ ከደፈረሰ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ከእምብርት በታች ከከበደሽ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብለሽ ተነሺ።

ኢንፌክሽኑ በሙሽሮች ላይ የተለመደ ነው፤ ያልታጠቡ ወይም ያልተጠነቀቁ ሰዎች በሽታም አይደለም። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ ቀዳዳውም ከብልት መግቢያው በላይ ተጠግቶ ይገኛል። በግንኙነት ጊዜ በፊንጢጣ ዙሪያ የሚኖረው ባክቴሪያ፣ በተለይም ኢ ኮላይ የሚባለው፣ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል። አንቺ አራተኛ ቀንሽ ስለሆነ የውሃውን ሙከራ ዛሬ አድርጊ፤ ከውስጥ ነው ካለሽ ነገ ጠዋት በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የሽንት ምርመራ አድርጊ። ናሙናውን ስትሰጪ መጀመሪያ የሚወጣውን ወደ ሽንት ቤቱ ልቀቂና መሃሉን ብቻ በዕቃው ያዢ፤ የመጀመሪያው ከቆዳ ላይ የታጠበ ነገር ስለሚይዝ ውጤቱን ያሳስታል።

ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጪ። ኢ ኮላይ ይህን መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው ሆኗል፤ ግማሽ መንገድ የተወሰደ ኪኒን ደግሞ ምልክቱን ይሸፍንና በሽታውን ይተዋል። ኩላሊት ጤነኛ ለሆነ ሰው ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ናይትሮፉራንቶይን ነው፤ የተለመደው አወሳሰድ 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ለ5 ቀን ነው። ሽንቱን ወርቃማ ቡናማ ሊያደርገው ስለሚችል አትደንግጪ። በሁለተኛው ቀን ቢሻልሽም እስከ መጨረሻው ጨርሺው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ካስመለሰሽ ወይም ወገብሽን ከጎን በኩል ከወጋሽ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው።

ችግሩ ቆዳው ላይ ነው ካልን ሥራው ቤት ውስጥ ነው። እናትሽ በመሠረቱ አልተሳሳቱም፤ መዘፍዘፍ ጥሩ ነው። ማስተካከል ያለብን ሙቀቱንና ጨውን ነው። ልብስ የማይታጠብበት ሳፋ ፈልጊ፤ በሳሙና አጥበሽ አለቅልቂው፣ ከዚያ መቀመጫሽን የሚሸፍን ያህል ለብ ያለ ውሃ ጨምሪበት። ሙቀቱን በክርንሽ ለኪው፤ ለሕፃን ገላ የማይሆን ውሃ ለዚህም አይሆንም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጪበት፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከዓይነ ምድር በኋላ። ለብ ያለው ውሃ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ የደም ዝውውርን ይጨምራል፣ ቁስሉ ላይ የደረቀውን ፈሳሽም ሳይታሽ ያነሳል። ጨው አስፈላጊ አይደለም። በትንሹ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ክፍት ስንጥቅ ላይ ይቆጠቁጣል፣ በብዛት ሲሆን ደግሞ ቆዳውን ያደርቃል። ስትወጪ በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጫን እያደረግሽ አድርቂ እንጂ አትፈግፍጊ።

በረዶ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው፣ እብጠቱ ትኩስ እያለ ነው። አሁንም ያበጠ ነገር ካለ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከፓንት በላይ 10 ደቂቃ ያዢው፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ያቃጥላል፣ ወደ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ሽንት ሲነካው የሚለበልበው ስንጥቅ ላይ፣ ከውጭ ብቻ፣ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ሽንቱ ቁስሉን እንዳይነካ ይከልላል። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ቫዝሊኑን ከግንኙነት በፊት ሙሉ በሙሉ ማጠብ አለብሽ፤ ማንኛውም ቅባትነት ያለው ነገር የኮንዶሙን ላስቲክ በደቂቃዎች ውስጥ ያደክመዋል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ8 ሰዓቱ መውሰድ ትችያለሽ፤ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ አትለፊ፣ የጉበት ሕመም ካለብሽ ግን ሐኪም ጠይቂ። እብጠት ላለበት ሕመም ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ የተሻለ ይሠራል፤ ከምግብ በኋላ ብቻ፣ ከሁለት ከሦስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ኢቡፕሮፌን አትውሰድ። ጾም ላይ ሆነሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማትቀምሺ ከሆነ ወይም ረመዳን የምትጾሚ ከሆነ ፓራሲታሞል ይሻልሻል፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ይልጣል። ደም እየታየ እያለ ደግሞ አስፕሪን አይወሰድም፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

ወይባውን ተዪው። ለደስታና ለመዓዛ ብሎ ጤነኛ ቆዳ ላይ የሚሞቀውን ሰው አልነቅፍም፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ግን ሙቀቱ ያደርቃል፣ ጢሱ ይቆጠቁጣል፣ ፍሙ ላይ ተጠግቶ መቀመጥም ማቃጠሉ አይቀርም። ከወይባው ይልቅ የሚያሳስበኝ «እንዲጸዳ» እየተባለ ብልት ውስጥ የሚገባው ነገር ነው፦ ዴቶል፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የሽቶ ሳሙና፣ የተቀቀለ ቅጠል፣ ማር። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ ሌሎችን ይከላከላሉ፤ ሳሙናና ዴቶል መጀመሪያ የሚገድሉት እነሱን ነው። ከዚያ በኋላ የዓሣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ይመጣል፣ ሴቲቱም «አልጸዳሁም» ብላ የበለጠ ታጥባለች፤ አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው። የውጩን በውሃ ብቻ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ በቀን አንዴ ሁለቴ ማጠብ ይበቃል።

እሁድ መልስ ስላለሽ አንድ ሁለት ነገር። ከቀሚስ ሥር የሚለበሰውን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ተዪው፤ የጥጥ ፓንት ልበሺ፣ ካላበሽም ቀይሪው። ሰዓታት ሙሉ ሶፋ ላይ ከመቀመጥ በየመሃሉ ተነሺ፣ ሽንትሽንም አትያዢ። የሠርግ ሰሞን ክትፎና ጥብስ የሚበዛበት ነው፤ አትክልት ሳይነካና ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ ሆድ ይደርቃል፣ ማማጡ ደግሞ ያንን ታችኛውን ስንጥቅ መልሶ ይከፍተዋል። ውሃ በቀን ወደ 2 ሊትር ጠጪ፤ ጎመንና ፍራፍሬ ብዪ። ደሙ ስለቆመ ሞዴስ አያስፈልግሽም፤ ሽቶ ያለው ሞዴስ ደግሞ ለቁስል ጠላት ነው።

በዚህ አያያዝ ተራ ስንጥቅ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይድናል። በየቀኑ መቀነስ አለበት። ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ወይም አንድ ሳምንት አልፎት ያው ከሆነ ስንጥቅ ብቻ አይደለም። ማሳከክ የበዛበት አይብ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ካለ ፈንገስ ነው፤ በክሎትሪማዞል ይድናል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን መርማሪ አይቶት ቢጀመር ይሻላል። ኮንዶም ተጠቅማችሁ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሁሉ ነገር አብጦ ካሳከከ የላቴክስ፣ ማለትም የኮንዶሙ ላስቲክ፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ላቴክስ የሌለበት ኮንዶም አለ። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍንጣቂዎች በቡድን ወጥተው ከቆሰሉ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ካለ የአባላዘር በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ባለቤትሽም አብሮ መታየት አለበት። ለእሱም የመጀመሪያው ነው ብለሻል፣ ስለዚህ ለእናንተ ይህ ሩቅ ነው።

ደሙን በተመለከተ፦ ጥቂት ጠብታ፣ ሮዝ ወይም ቡናማ እድፍ እስከ ሁለት ቀን ድረስ የተለመደ ነው። ምንም ደም አለመታየቱም እንዲሁ የተለመደ ነው። የድንግልናው ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል፤ የአንዷ ሰፊና የሚለጠጥ፣ የሌላዋ ጠባብ፣ የአንዳንዷ ከተፈጥሮው ለምልክት ያህል ብቻ ነው። አንሶላ ላይ ደም ፈልጎ ሴትን የሚመዝን ሁሉ የሌለ ሚዛን ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቁም ሲሉ ያሳወቁት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል «የመጀመሪያ ስለሆነ ነው» ተብሎ ችላ የሚባል ከባድ ደም መፍሰስም አለ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰና ይህ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ካዞረሽ ወይም መነሣት ካቃተሽ የብልቱ ውስጠኛ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ስፌት ይፈልጋል። እስኪደርሱ ንጹህ ፎጣ ከውጭ ተጭኖ ይያዛል፤ ጨርቅ ወደ ውስጥ አይጠቀጠቅም። ምግብም ባትበዪ ይመረጣል፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

አንቺ አላነሳሽውም፤ ይህን የሚያነቡ ብዙ እህቶች ግን ይመለከታቸዋልና ስለ ግርዛት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ቆዳ አይለጠጥም፤ ስለዚህ የተገረዘች ሴት ብትታገሥም ብትለማመድም አንዳንዴ ቆዳው መሰንጠቁ አይቀርም። በሱማሌና በአፋር አካባቢ በሚዘወተረው፣ ተሰፍቶ በሚዘጋው ዓይነት ደግሞ መግቢያው ራሱ ጠብቧል። ይህን በጉልበት መክፈት ወይም ቤት ውስጥ በምላጭ መቅደድ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና በሽንት ቧንቧ ላይ ጉዳት ያመጣል። መፍትሔው ሐኪም በማደንዘዣ የሚያደርገው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የተሰፋው መሃል ለመሃል ይከፈታል፣ ጠርዞቹ ለየብቻ ይሰፋሉ፣ ሴቲቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ከሠርግ በፊት አስቀድሞ ቢደረግ መልካም ነው፤ ለማገገም ሳምንታት ይፈልጋልና። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጁ ክሊኒኮች አሏችሁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ሳይገረዙ ሲወለዱ ጀምሮ ሽፋናቸው መሃል ላይ እንደ ድልድይ የሚያቋርጥ ሥጋ ያላቸው ሴቶችም አሉ፤ እሱም በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው።

እንግዲህ መቼ ነው የምትመለሱበት? ቀን ከመቁጠር ይልቅ ሦስት ነገር ተመልከቺ፦ ሽንት አያቃጥልም፤ በንጹህ ጣትሽ የመግቢያውን ታችኛ ጠርዝ ስትነኪው አይለበልብም፤ አንቺ ራስሽ ፈልገሻል። ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሪ። የከንፈር ዳር ሲሰነጠቅ የዳነ መስሎ ሰው ሲያዛጋ እንደሚቀደደው ሁሉ አዲስ የገጠመ ቆዳም ጥንካሬ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል።

ያን ጊዜ ደግሞ አካሄዱ ካለፈው መለየት አለበት። ብዙ ሙሽሮች የሚሞክሩት ከድግሱ ማግስት አይደለም፤ በዚያው ሌሊት ነው፦ ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ በቅጡ ሳይበሉ፣ ግማሹ ጠጥቶ፣ ከግድግዳው ማዶ ዘመድ እያለ። ሰውነት በዚህ ሁኔታ አይረጥብም። እርጥበቱ የሚመጣው ከመነቃቃት ነው፣ መነቃቃት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መሳሳም፣ መዳሰስ፣ መጨዋወት ቅንጦት አይደለም። ስትነቃቂ ብልት ውስጡ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ የማህፀን በርም ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ይህ ሳይሆን ሲገባ ነው ከእምብርት በታች የሚመታው ሕመም የሚሰማው።

ከመድኃኒት ቤት ውሃ ነክ ማለስለሻ ጄል ግዙ፤ ኬዋይ ጄል የሚባለው ብዙ ቦታ ይገኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ለሁለቱም ይቀባል፣ ሲደርቅ ይደገማል፤ ውሃ ነክ ስለሆነ መድረቁ አይቀርም። ሽቶ ያለውን፣ «ያሞቃል» የሚል የተጻፈበትን አትግዙ። ምራቅ ወዲያው ይደርቃል፣ ቅቤና የምግብ ዘይት ኮንዶም ይበጥሳሉ፣ የሰውነት ሎሽን ያቃጥላል። የሚያደነዝዝ ቅባት አልመክርም፤ ሕመም «አቁም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሲደነዝዝ ስንጥቁ ሳይታወቅ ይሰፋል፣ ባለቤትሽንም ያደነዝዘዋል።

አቀማመጡ አንቺ ፍጥነቱንና ጥልቀቱን የምትወስኚበት ይሁን፤ ከላይ ሆነሽ ወይም ሁለታችሁም በጎናችሁ ተኝታችሁ። በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው መድረስ ግብ አይሁን። ጥቂት ገብቶ መቆም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ ጡንቻው ሲላላ መቀጠል፣ ካመመ መውጣት። «ትንሽ ቻዪው» የሚባለው ቃል ከዚህ ክፍል ይውጣ። ሲያልቅ ሽንትሽን ሽኚ፤ ቧንቧው ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ጠርጎ ለማውጣት ይረዳል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃም ጠጪ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም በተሞከረ ቁጥር መግቢያው ግድግዳ የገጠመ ያህል ከተዘጋ፣ ጭኖችሽ ሳታስቢው ከተጋጠሙ፣ ጣት እንኳ ማስገባት ካልቻልሽ ይህ ጥበት አይደለም፤ በዳሌ ወለል ያሉት ጡንቻዎች ከፈቃድሽ ውጪ እየተኮማተሩ ነው። ቫጂኒስመስ ይባላል፣ ይድናልም። ልምምዱን ከአሁኑ መጀመር ትችያለሽ፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ፣ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። እስከ 4 እየቆጠርሽ ወደ ውስጥ ተንፍሺ፤ ሆድሽ ይነሣ፣ ሽንት ለመልቀቅ ስትጀምሪ እንደምታደርጊው ታችሽን አላዪው። እስከ 6 እየቆጠርሽ አውጪ፣ አትግፊ፣ አታምጪ። ለ5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ቁስሉ ሲድን በልምምዱ መሃል ጥፍሩ የተቆረጠና ጄል የተቀባ የትንሿ ጣት ጫፍ መግቢያው ላይ ማሳረፍ፣ ምቾት ሲሰማሽ ብቻ ወደ ውስጥ መጨመር። አጥብቆ የመያዝ ልምምድ፣ ማለትም ኪግል፣ ለዚህ ችግር ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ የተኮማተረን ጡንቻ ያባብሰዋል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም እዪ፤ በመጠን እያደጉ የሚሄዱ ማስፋፊያዎችና የፊዚዮቴራፒ ሕክምና አለ።

ባለቤትሽም የሚያመው ነገር ካለ አያፍር። ከብልቱ ጫፍ ሥር ያለችው ቀጭን ክር መሳይ ቆዳ በደረቅ ግንኙነት ትቀደዳለች፣ ከመጠኗ በላይም ታደማለች፤ በንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መጫን፣ ከዚያም እስኪድን መታቀብ ነው። ደሙ ካልቆመ ሐኪም ቤት።

ልጅ መውለዱን ለማዘግየት ከፈለጋችሁና መከላከያ ካልተጠቀማችሁ ጊዜው ሳያልፍ ዛሬውኑ አስቢበት። ፖስትፒል፣ ማለትም ሊቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊ ግራም፣ የሚመከረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በአራተኛው ቀን ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። እስከ 5 ቀን ድረስ በተሻለ አስተማማኝነት የሚሠራው በጤና ባለሙያ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ነው።

ግንኙነቱ ያለ ፈቃድ ተፈጽሞባት ይህን የምታነብ እህት ካለች ምክሬ ሌላ ነው፤ ባልም ቢሆን ያው ነው። ሳትታጠቢ፣ የለበሽውን በወረቀት ከረጢት ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውና የሕጉ ድጋፍ በአንድ ማዕከል ይሰጣል።

ሐኪም ቤት ስትሄጂ ወረፋ ላይ ሆነሽ ሁሉን መናገር የለብሽም፤ ካርድ ክፍል «የማህፀን ምርመራ» ማለት ይበቃል፣ ሴት መርማሪ ካለችም መጠየቅ ትችያለሽ። ውስጥ ከገባሽ በኋላ ግን በግልጽ፦ «ከአራት ቀን በፊት የመጀመሪያ ግንኙነት ነበረኝ፤ ደሙ በማግስቱ ቆሟል፤ ሽንት ስሸና ከውጭ ወይም ከውስጥ ያቃጥለኛል፤ ይህን ይህን መድኃኒት ወስጃለሁ፤ የመጨረሻው የወር አበባዬ የጀመረበት ቀን ይህ ነው።» ወደ ውስጥ የሚገባው የምርመራ መሣሪያ ለሽንት ኢንፌክሽንም ለውጪ ስንጥቅም አያስፈልግም፤ ደሙ ካልቆመ ግን ያስፈልጋል። ካመመሽ «ይቁም» በዪ፤ ትንሹን መጠን መጠቀምም ይቻላል።